ሽማግሌዎቹ በቪኤይት የመጡ እሑድ

በዚያ ዘመን አቃቂ ላይ ስለ ቪኤይት፣ ስለዚያ የባለሥልጣን መኪና፣ የማያወራ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። መምህሩ ያወራል፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያወራል፣ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚውለው ረዳት ያወራል። ሞተሩ ስንት እንደሚጠጣ፣ ወንበሩ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ከውስጥ ሆኖ ሰው ሲታይ እንዴት እንደሚያንስ፣ ገብተውበት የማያውቁት ሰዎች ከባለቤቱ በላይ ያውቁ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አሮጌ ቪትዝ ገዝቶ ከኋላዋ ቪኤይት የሚል ብረት ለጠፈባትና ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ስም ነው ዋናው» ይል ነበር።

ባለመኪናዎቹም ነቁ። ለሠርግ፣ ለመልስ፣ ለምርቃት በቀን ማከራየት ጀመሩ። ኮንዶሚኒየሙ ቱሉ ዲምቱ ላይ ገና እየተገነባ ነበር፤ የአሸዋና የሲሚንቶ መኪና በሚያቦነው አቧራ መሀል አበባ የተለጠፈበት ጥቁር ቪኤይት ሲያልፍ ግንበኞቹ መሮ አስቀምጠው ያዩታል።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ከታች ሰፈር አንዲት አብሮ አደጌ ነበረች። እሷን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በሁለት ቪኤይት መጡ። ከዚያ በኋላ ለወራት ሌላ ወሬ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ ምን እንደተባባሉ የሚያስታውስ የለም፤ መኪኖቹ ጥቁር እንደነበሩ ግን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም በልቤ «ከሷ በምን አንሼ?» አልኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፤ አሁን ምን ያሳፍረኛል።

እጮኛዬ ቂሊንጦ ላለ አንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ሰርቪስ ይነዳ ነበር። እኔም እዚያው ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ፤ የተዋወቅነውም በሰርቪሱ ነው። መሪ ይዞ የማይሳደብ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ሳሪስ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከዚያች ክፍልና ከደመወዙ በቀር ምንም የለውም፤ እኔም ከሱ በቀር ምንም አልፈለግኩም። የሚያስፈራኝ አባቴ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ብዙ አያወራም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግቢያችን ጥግ ላይ ሁለት ክፍል መሥራት ጀመረ፤ ጭቃውን ራሱ እያቦካ፣ ቆርቆሮውን ራሱ እየመታ። ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። «ለምንድን ነው?» ሲሉት «ለሆነ ነገር» ይላል። እኔ ሊያከራየው ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ስለ ማግባት ከተነሣ ደግሞ ኮፍያውን አንሥቶ ውልቅ ይላል። አንድ ልጁን፣ ያውም ቤት ለሌለው ሹፌር፣ አይሰጥም ብዬ ቁርጤን አውቄያለሁ።

ስለዚህ እጮኛዬን «ሽማግሌ ስትልክ በቪኤይት ይምጡ» አልኩት።

ሳቀ። «ምነው፣ አባትሽ ልጃቸውን የሚሰጡት ለመኪናው ነው?»

«አንተ አባቴን አታውቀውም። ባዶ እጅህን መሆንህን ገና ከበር ነው የሚያየው።»

«በሰርቪሱ ባመጣቸውስ? ስልሳ ሰው ይይዛል። እድርተኛውን ሁሉ ጭኜ እመጣለሁ።»

እኔ አልሳቅኩም። አኮረፍኩ። ሦስት ቀን ስልኩን አላነሣሁም፤ ሰርቪሱ ላይም መጨረሻ ወንበር ሄጄ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ በመስታወቱ እያየኝ «እሺ፣ ተገኝቷል» አለኝ። አንድ ጓደኛው የሚነዳውን መኪና ባለቤቱ ለግማሽ ቀን ሊያከራየው ተስማምቷል። እሰይ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ኮት እንዲለብሱም አዘዝኩ። ያን ጊዜ አፍ ነበረኝ።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ ያሉ ቤቶች ፈረሱ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ አንድ እሑድ ጥቁር ቪኤይት መጣ፣ ኮት የለበሱ ሰዎች ወረዱ፣ ወረቀት ዘርግተው በጣታቸው ወዲህና ወዲያ አመለከቱ፣ ሄዱ። በሳምንቱ ዶዘር ደረሰ። ቀጥሎ የኛ ወገን ነው ተባለ። አባቴ ራት ከበላ በኋላ አንድ ፌስታል ከአልጋው ሥር እያወጣ በውስጡ ያለውን ያገላብጣል፤ ካርታው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የመብራቱ ቢል። ለዋናው ቤት ሁሉም አለው። ለሁለቱ ክፍሎች አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለውም።

ይህን ሁሉ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያንን ቪኤይትና የኔን ቪኤይት አንድ ላይ አላሰብኳቸውም። ሠርግ ሠርግ ለሚሸተው ሰው ምን ማሰቢያ አለው።

ሽማግሌ እንደሚመጣ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ ለአባቴ እንድትነግረው። እሷም ዛሬ ነገ ስትል እሑድ ደረሰ። «ሲመጡ ያያቸው የለ?» አለችኝ ጠዋት። ድንቄም ዘዴ!

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጨቅይቷል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እንደበላን መኪናው ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ መንደራችን ገባ። እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ። ተወልውሎ ያበራል። መንገዳችንን ሞልቶት የሁለቱን ወገን አጥር ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ልቤ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች።

ከዚያ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ጎረቤታችን ሳፋዋን ጥላ ወደ ቤቷ ስትሮጥ አየሁ። የማዶው በር ተዘጋ። ቀጥሎ ያለውም ተዘጋ። ሰው ወጥቶ ያያል ስል መንደሩ ጭጭ አለ። ያኔ ገባኝ።

«መጡ» አለ አባቴ ከኋላዬ። ፌስታሉን ይዟል።

እናቴ «ኧረ እነሱ እኮ…» ብላ ስትጀምር እሱ ደጅ ወጥቷል። እኔ በመስኮቱ ከማየት በቀር ምንም አላደረግኩም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይህ ነው።

ከመኪናው ሦስት ሰዎች ወረዱ። ከፊት ያሉት ሁሉም ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ፣ እጮኛዬን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የቀሩት ሁለቱ አጎቱና ሳሪስ ያለው አከራዩ ናቸው። ሦስቱም ኮት በኮት። ታርጋው የመንግሥት ሳይሆን የግል ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት ታርጋ ማን ያያል።

ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባቴ ጀመረ።

«ጌቶቼ፣ በእሑድ የመጣችሁበት ይገባኛል፤ ፍርድ ቤት ዝግ ነው፣ እግድ አይወጣም። አልከራከርም። ዋናው ቤት ወረቀት አለው፣ ይኸው። ሁለቱ ክፍል ግን የለውም። አልዋሻችሁም፤ ያለ ፈቃድ ነው የሠራሁት። ለኪራይ አይደለም። አንድ ልጅ አለችኝ። የምትወደው ልጅ ሹፌር ነው፣ ቤት የለውም። ከሰው ቤት ሰው ቤት ዕቃ ተሸክማ እንዳትንከራተት ብዬ ነው። ዓመት ስጡኝ። እስኪደላደሉ አንድ ዓመት ብቻ ተዉልኝ፤ ከዚያ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ።»

ይህን ብሎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

አባቴ ከፈጣሪው ፊት በቀር ለማንም ሲንበረከክ አይቼው አላውቅም። ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ሹፌር መሆኑንም፣ ቤት እንደሌለውም። የሁለቱን ክፍል ነገርም ያን ጊዜ ሰማሁ።

በኛ ወግ የሚለምነው የወንዱ ወገን ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ይላሉ፤ የሴቷ አባት ኮራ ብሎ ተቀምጦ ይለመናል፣ ደስ ካለው ሦስቴም አራቴም ያመላልሳቸዋል። አንድ ሴት ልጅ ላለው አባት በዕድሜው አንዴ የምትመጣ ቀን ናት። ያቺን ቀን እኔ ቀማሁት።

ሐጂ ደንግጠው ብብቱ ሥር ገብተው ሊያነሡት ሲታገሉ ኮፍያቸው ወደቀ። «ኧረ በአላህ! ኧረ እንዲህ አያድርጉ! እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ልጅዎን ልንለምን ነው የመጣነው!»

አባቴ ወዲያው አልተነሣም። መኪናውን አየ፣ ኮታቸውን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቆመና ሱሪውን ማራገፍ ጀመረ፤ ጭቃ አይራገፍም፣ እሱ ግን ያራግፋል። «ዛሬ መልስ የለኝም» ብሎ ገባ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

መኪናው መዞሪያ አጣ። ሹፌሩ ወደ ፊት ቢል አጥር፣ ወደ ጎን ቢል ቦይ። ጎረቤቶች ነገሩን ሲሰሙ አንድ በአንድ ብቅ አሉና «ግራ! ትንሽ ግራ! ኧረ ቦዩን!» እያሉ በኋላ ማርሽ እስከ አስፋልቱ ሸኙት። ሲስቁ ይሰማኛል። የሌላ ሰው ጉድ ቢሆን እኔም ከነሱ ጋር ስቄ እሞት ነበር።

እጮኛዬ በነጋታው «አላልኩሽም?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። «ሐጂ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም» ብቻ አለኝ።

አባቴን ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ከሁለቱ ክፍሎች በአንደኛው ውስጥ ግድግዳ ሲመርግ አገኘሁት። በሩ ላይ ቆምኩ።

«አባዬ፣ መኪናውን ያልኩት እኔ ነኝ።»

መምረጉን አላቆመም።

«እሱ አልፈለገም። እኔ ነኝ አኩርፌ ያስገደድኩት። ሰው ይየኝ ብዬ ነው። አንተም ትኮራለህ ብዬ።»

«መኪና እንደምወድ ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«እኔ ቤት አይደለም እንዴ ያደግሽው?» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ እችለው ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እሱም ምርጉን እያለሰለሰ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ስለሱ ማን ነገረህ?» አልኩት በኋላ።

«ማን ይነግረኛል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰርቪሱን አስፋልቱ ላይ አቁሞ ሲያወርድሽ አያለሁ። በር ከፍተሽ እስክትገቢ አይነሣም። ያንን ወድጄለታለሁ።»

«ታዲያ ስለ ማግባት ሲነሣ ለምን ትወጣለህ?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ክፍሎቹ አላለቁማ!»

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደገና መጡ። ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ አውርዷቸው ያንን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው ነው የመጡት። ኮቱ ቀርቷል፤ ሐጂ ሹራብ፣ ሌሎቹ ጋቢ ለብሰዋል። ጎረቤቶች በየደጃቸው ቆመው «እንደምን አደራችሁ» እያሉ አሳለፏቸው። እናቴ በዚህኛው አልተዘናጋችም፤ ወንበር ተደርድሯል፣ አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ ጠብቋል።

ሐጂ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም» አለ አባቴና ተነሣ። እኔ ጓዳ በር ላይ ነኝ። እንደ ደንቡ ቢያመላልሳቸው፣ ዓመት ሙሉ ቢቀጥራቸው፣ አንድ ቃል መናገር እንደማይገባኝ ለራሴ ነግሬያለሁ።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አለ።

እናቴ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አላት። ወደ ሐጂ ዞረ። «አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ልጁ ሳሪስ እንዳይወስዳት። ሁለቱ ክፍል የነሱ ነው፤ እዚህ ከኛ ጋር ይኑሩ። እነዚያ ሰዎች መምጣታቸው እንደሆነ አይቀርም። የመጡ ዕለት ብቻዬን መንበርከክ አልፈልግም።»

ሐጂ ቀረብ ብለው የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እናቴ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። እልልታው አልወጣላትም።