ከታች ያለው ደብዳቤ

ፍስሐ ገነት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከቤት የወጣሁት አንድን ሰው በዓይኔ ለማየት ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ወሩ ጥቅምት። ልጄ ጽጌ ይርጋለም አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ወደ ቤት ተመልሳለች። ዲላ ያሉት ጡረተኛው መምህር በቀለ ለልጆች ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ይጽፉላቸዋል። ለጽጌም ከሁለት ቦታ መልስ መጣላት፤ አንዱ ከሕንድ፣ አንዱ ከመስኮብ፣ ከሩሲያ። ወላጅ ካልፈረመ ግን አይሆንም አሉ።

የመስኮቡ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ የብርድ ካፖርቱም በነጻ ነው። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው። ጎረቤቴ ዘነበች ደግሞ "ሰውዬው ሴት ልጆች ይሸጣል ይባላል" አለችኝ። ማን አለሽ ብላት፣ "ሰው" አለች።

ጽጌ የመስኮቡን መርጣለች። ለምን ስላት "ጥሩ ስለሆነ ነዋ" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም። ይህም አላማረኝም።

የጭነት መኪና ሹፌሩ ሑሴን እኔንና ጽጌን አንድ አንድ ብር ተቀብሎ ከቡናው ጭነት ላይ አወጣን።

"እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ምን ልትገዢ ነው?"

"ምንም። ልጄን እንዳይገዙብኝ ነው።"

"አንቺን የሚያታልል ገና አልተወለደም!" ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው፤ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ከገበሬ እየገዛሁ ነው ልጄን ያሳደግኩት። ሻጭ ደረቁን ቡና ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር ያደርጋል። እኔ ግን ክንዴን እስከ ብብቴ ጆንያው ውስጥ ከትቼ ከታች ዘግኜ ካላየሁ አልገዛም።

ይርጋ ጨፌ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ያዘው። ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ፣ ሳይወርድ የቀረ አንድ ኮት የለበሰ ሰው ጽጌን "የት ነው የምትማሪው?" አላት። መሃላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ደብዳቤዎቹን በመቀነቴ አስሬ ነበርና እሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በእጄ እዳብሳቸዋለሁ።

ወናጎ፣ አምስት ሰዓት ገደማ

መኪናው ውሃ ሊጨመርለት ቆመ። ከመንገዱ ዳር ቆጮ በጎመን በሃያ አምስት ሳንቲም ገዛሁ። ጽጌ አንድ ጉርሻ በልታ ተወችው።

"ይቺ ልጅ አሟታል?" አለች ሻጯ።

"አላመመኝም" አለች ጽጌ፣ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ። ያ የዲላው ሰውዬ አስፈራርቷት ይሆን እያልኩ ዲላ ደረስኩ።

ዲላ፣ ከሰዓት በኋላ

የመምህር በቀለ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ገና ስገባ መውጫ በሩ ስንት እንደሆነ ቆጠርኩ። አንድ ነው። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሯል። ሴት የሚሸጥ ሰው የመነጽር መጠገኛ ገንዘብ አያጣም ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲህ እንድል ብለው አስረውት ይሆናል አልኩ።

የመስኮቡን ዩኒቨርሲቲ ሥዕል አሳዩኝ። ትልቅ የድንጋይ ቤት፣ በረዶ ላይ ቆመው የሚስቁ ልጆች። በረዶ ውስጥ ቆሞ የሚስቅ ሰው አላምንም። ይህ እንዳልበቃኝ አይተው ተማሪዎች የጻፉላቸውን አንድ እስር ደብዳቤ አመጡና ከላይ ያለውን አነበቡልኝ። ሁሉም መልካም ነው ይላል።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩና እጄን ሰድጄ ከእስሩ ሥር አንዱን መዘዝኩ።

"እማዬ!" አለች ጽጌ፤ አፈረች።

"ተዪያት" አሉ መምህሩ። "እስከ ዛሬ የመጣ ወላጅ ሁሉ ከላይ ያለውን ሰምቶ ነው የሚሄደው።"

ደብዳቤውን ጽጌ እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ከመስኮብ የተጻፈ ነው። ስለ ብርዱ አነበበች፤ ስለ ድንቹ አነበበች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ሲሄድ አፏ ዝም አለ፤ ቀጥሎም "ሰላምታዬን ለሁሉም" አለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት ነው። ጽጌ የዘለለችው፣ እናቴ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አትችልም ብላ ነው። ወረቀቱን ተቀበልኳትና ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩት። "የምንማረውን የሚመርጡልን እነሱ ናቸው። ለሕክምና መጥቼ ስለ ማዕድን እየተማርኩ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረኝም።"

ከቤት ስወጣ ሊያታልለኝ ይችላል ብዬ ያላሰብኩት አንድ ሰው ነበር። እሷ ናት።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቃለሁ። መምህር ነግረውኛል።"

"አንቺስ ምን ለመማር ነው የምትፈልጊው?" ይህን እስከዚያ ሰዓት ጠይቄያት አላውቅም።

"ሕክምና። የሕንዱ ደብዳቤ ላይ ሕክምና ተብሎ ተጽፏል።"

"ታዲያ ለምን?"

አለቀሰች። "የመስኮቦቹ በሚመጣው ወር ይወስዱኛል። የሕንዱ እስከ ሰኔ ይቆያል። እስከ ሰኔ አንዱ አንድ ነገር ይልሽና ታስቀሪኛለሽ፤ አውቅሻለሁ!"

ደብዳቤዎቹን ከመቀነቴ ፈታሁ። ጥርጣሬዬ ልጄን መጠበቁ ቀርቶ፣ ማዕድን ወደሚያስቆፍራት አገር ሊያሳድዳት ነበር።

በሕንዱ ወረቀት ላይ ስሜን ጻፍኩ። መምህር አጥፈው ሊሰጡኝ ሲሉ ግን እጄን ሰበሰብኩ። "እኔ ዘንድ አይደር። ቤቴ ከገባ እስከ ሰኔ እቀደዋለሁ። ዛሬውኑ ይላኩልን።"

ሦስታችንም ተያይዘን ፖስታ ቤት ሄድን። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። እጄ እስኪለቀው ትንሽ ቆየ።

መመለሻ

በማግስቱ ከሰዓት ቤት ገባን። ዘነበች በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ሰውዬውስ?"

"መነጽሩ በክር የታሰረ ሽማግሌ ነው" አልኳት። "ሌላ የሚባል ነገር ካለ ለእኔ አታምጪ።" ተቀየመችኝ፤ ትቀየም።

ሕንድ አገር ምን እንደሚጠብቃት ያኔም አላወቅኩም፤ ያኔም እፈራ ነበር። ከጉዞው የተማርኩት ግን አለ፤ ልጄ የምትደብቀኝን ያስደበቅኳት እኔው ነኝ። ሰኔ ሲደርስ ዲላ መኪና ላይ ሳሳፍራት ከአንድ በቀር ሌላ አደራ አልሰጠኋትም።

"ስትጽፊልኝ መልካሙን ከላይ አታድርጊ። የከፋሽን አስቀድሚና ጻፊ፤ አልፈርድብሽም።"

የመጀመሪያው ደብዳቤዋ በሁለተኛው ወር መጣ። "እማዬ፣ አሞኝ ነበር" ብሎ ይጀምራል። ተቀምጬ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።