የቀዘቀዘው ጎማ፦ ከአሽቀሎን ወደ ጨው ባሕር

ከአሽቀሎን የተነሣነው በማለዳ ነው፤ እኔ ግን መፍራት የጀመርሁት ከዋዜማው ነበር። የጉዞው ምክንያት ቀላል ነው። ጨው የጫነ ትልቅ መኪና ጨው ባሕር ዳር ተበላሽቶ ቆሟል፤ እሱን ለማስነሣት የናፍጣ ሞተር የሚያስተምሩኝ ሳሶን እኔን ረዳት አድርገው ሊሄዱ ነው። ሳሶን የሙሳኹ ባለቤት ናቸው። ሙሳኽ እዚህ አገር ጋራዥ ማለት ነው።

የእኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የኩርሱ፣ የሙያ ሥልጠናው ማለት ነው፣ ኃላፊ ቢሮው ጠርቶ፣ «ባዬ፣ ሳሶን በአንተ ነገር ተቸግሯል። ይህን ጉዞ አብራችሁ ሂዱ፤ ሲመለስ ይቆይ ካለ ትቆያለህ፣ አይሆንም ካለ ሌላ ሥራ እንፈልግልሃለን» ብሎኛል። ሌላ ሥራ ማለት ያው ፋብሪካ ገብቶ ካርቶን ማሸግ ነው። ካርቶን ማሸግ ነውር ሆኖ አይደለም፤ እኔ ግን የሞተር ድምፅ ሆዴ ገብቷል። ደግሞስ አባቴን ምን ልበላቸው? አባቴ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ በዚያ ሙያ ምክንያት ያልተባሉት የለም፣ ቡዳም ተብለዋል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተን አሽቀሎን ያለው ሰፈራችን ግቫት ጺዮን ከገባን ወዲህ፣ እዚህ ብረት የሚያውቅ ሰው ይከበራል ሲባል ሰምተው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ የሞተር ሐኪም ሊሆን ነው» ብለው አውርተዋል።

ሳሶንን ያስቸገራቸው ምን መሰላችሁ? እሺ ባይነቴ! አንድ ቀን ከመኪና ሥር ተኝተው፣ ጎማው እንዳይንከባለል ስለሚደገፍበት ሽብልቅ «ታኮው ገብቷል?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ እንደ አገሬ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እ!» አልኋቸው። አዎ ማለቴ ነው። እሳቸው ደግሞ ደንግጬ ትንፋሼ የተቆረጠ መሰላቸው፤ መኪናው ተንሸራተተ ብለው ተፈናጥረው ሲወጡ ግንባራቸውን ብረት ገጨው። ከዚያ ወዲህ «በአፍህ ተናገር! ኬን ወይም ሎ!» ሆነ። አዎ ወይም አይደለም ማለታቸው ነው። እኔም ኬን ላይ ተቸነከርሁ። ገባህ? ኬን። አጥብቀኸዋል? ኬን። ባይገባኝም ኬን። «ሎ» የምትለዋ ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። አባቴን የሚያህል ሰው «ነው?» ሲለኝ እንዴት አድርጌ «አይደለም» እላለሁ? በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አታ» ነው፤ እሱ ራሱ ባወጣሁት ቁጥር ያሳቅቀኛል።

ወደ ቤርሳቤህ

የሙሳኹ መኪና ያረጀች የጭነት መኪና ናት። ከኋላዋ ሰንሰለት፣ ክሪክ፣ የውሃ ጀሪካንና የመፍቻ ሣጥን ተጭኖ በየጉድጓዱ ይንኳኳል። ባሕሩን ከጀርባችን ትተን ወደ ምሥራቅ ነዳን። ቂርያት ጋት አካባቢ የጥጥ እርሻ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ አረንጓዴው እየሳሳ፣ አፈሩ እየነጣ ሄደ። ሳሶን ከባድ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸው መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረው። በልጅነታቸው ከኢራቅ ነው የመጡት። ሲነዱ ሲጋራቸው ከከንፈራቸው አይወርድም፤ ወሬም አያበዙም። ዝምታቸው ይበልጥ አስፈራኝ። እየፈተኑኝ ይሁን ወይስ ተቀይመውኝ፣ በምን አውቃለሁ!

ቤርሳቤህ ላይ ነዳጅ ልንሞላ ቆምን። እኛ ናፍጣ የምንለውን እነሱ ሶላር ይሉታል። እነሱ ኔፍት ብለው የሚጠሩት ደግሞ የእኛን ላምባ ነው። ስለዚህ ቀጂው «ምን ልቅዳ?» ሲለኝ ናፍጣ ልል ብዬ ምላሴን ነክሼ መለስሁት። ከማደያው አጠገብ ሳሶን ፈላፈል፣ የሽምብራ ጥብስ፣ ገዙልን፤ ከአሽቀሎኑ ውድ ነው፣ በርበሬው ግን የሚቀመስ ነው። ደስ ብሎኝ ልበላ ስጀምር፣ «ቁልቁለት ትወዳለህ?» አሉኝ።

«ኬን» አልሁ። ኧረ ምኑን ነው የምወደው?

ዓራድ ላይ

ከቤርሳቤህ ወዲያ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል። የዘላኖች ጥቁር ድንኳኖች፣ አቧራ ላይ የተኙ ግመሎች፣ አልፎ አልፎም ሣር ፍለጋ ድንጋይ የሚልሱ ፍየሎች ይታያሉ። ዓራድ የምትባለውን ከተማ አልፈን መሬቱ ሊያልቅ ሲል ሳሶን ከመንገድ ወጥተው አቆሙ። ከፊታችን ገደል ነው። መንገዱ እንደተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ጨው ባሕር በጭጋግ ውስጥ ይብለጨለጫል። ከመታጠፊያው ሥር አንድ መኪና ተገልብጦ ዝጎ ቀርቷል፤ የተረፈው አጽሙ ብቻ ነው። 

«የራዲያተሩን ውሃ እይ፤ ከዚያ ጎማዎቹን ዳስስ» አሉና ሳሶን ወገባቸውን እያሹ ወረዱ። ጎማ መዳሰስን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። መኪና መንገድ ሲሄድ ፍሬኑ የሚይዝበት ጎማ መካከሉ ይሞቃል። ሁሉም ሞቀው አንዱ ብቻ ቢቀዘቅዝ፣ ያ ጎማ ፍሬን አይይዝም ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ አንድ ጎማ እምቢ አለ ማለት ደግሞ፣ የሌሎቹ ፍሬን ብቻውን ሲይዝ ይቃጠላል፤ ቀጥሎ ያለውን የዛገው መኪና ይናገር።

ውሃውን አይቼ ስጨርስ ጎማዎቹን ዞርሁ። የፊት ግራ ሞቋል። የፊት ቀኝ ሞቋል። የኋላ ግራም ሞቋል። የኋላውን ቀኝ ስነካው ግን ቀዘቀዘኝ። እጄን አንሥቼ ደግሜ ነካሁ። ያው ነው። 

ሳሶን መሪው ላይ ተቀምጠው ሞተሩን አስነሥተዋል። «ሁሉም በሴደር?» አሉኝ በመስኮት፤ ደኅና ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝ። «ኬ...» ካልሁ በኋላ ዓይኔ ገደሉ ላይ ወደቀ። «ሎ!»

«ምን አልህ?»

«ሎ። የኋላው ቀኝ ቀዝቅዟል። አንወርድም።»

«አንወርድም?» ሲጋራቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ባዬ፣ የጨው መኪናው ሾፌር እዚያ ታች ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ይህን መንገድ አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ነው የወረድሁት። በከንቱ ያስቆምኸኝ እንደሆነ፣ ነገ ሙሳኽ እንዳትመጣ። አሁንስ? እንውረድ?»

አንባቢዎቼ፣ ያን ጊዜ ኬን ብል ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም የሚያልፍ መስሎ ታየኝ። ምናልባት እጄ ይሆናል የተሳሳተው። ምናልባት ለመኪናዋ ልማዷ ይሆናል። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ሱሪዬ ላይ ይታወቀኛል። የአባቴ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ። «ሎ» አልሁ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ወጣ።

ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ጆንያ አንጥፈው ከኋላ ጎማው ሥር ገቡ። ብረት ሲጎትቱ፣ ሲያንኳኩ፣ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ቆይተው ወጡ። ጎማውን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ጆሮአቸው ቀልቷል።

«ያላ፣ ግባ» አሉኝ። ያላ፣ በል እንሂድ ማለት ነው።

ቁልቁለቱ

ምን እንዳገኙ አልጠየቅሁም። እንዴት አድርጌ! አንድ ጊዜ ሎ ማለት የቻልሁ ሰው ሁለተኛ ደፍሬ ልጠይቅ? ገባሁ፤ ወረድን። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናዋ ከፊት እየተደፋች፣ መፍቻዎቹ ሁሉ ወደ እኛ እየተንሸራተቱ ወረድን። አንዱ መታጠፊያ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ጆሮዬ ደነቆረ። ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ከሁለት አንዱ ነው እያልሁ በሆዴ አወጣለሁ አወርዳለሁ፦ ወይ ብልሽቱን አግኝተው ሰውዬው እንዳይቆይ ሲሉ እንዲሁ እየወረዱ ነው፣ ያኔ እንሞታለን። ወይም ምንም አላገኙም፣ ያኔ ደግሞ ነገ ሙሳኽ የለም። የቱን እንደምመርጥ እንኳ አላውቅም። «የእስራኤል አምላክ፣ አንተ ታውቃለህ» አልሁ ቀስ ብዬ፤ እጄ የበሩን መክፈቻ ይዟል።

ሳሶን በዓይናቸው ጠርዝ አይተውኝ፣ «ልትዘል ነው?» አሉ።

«ሎ» አልኋቸው።

መሃል ላይ የባሕር ወለል እዚህ መሆኑን የሚናገር ምልክት ቆሟል። መንገዱ ግን ገና ይወርዳል! ከተራራ አገር ለመጣ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ከባሕር በታች ደረቅ መሬት አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ ውሃው ከላይ የሚመጣብን መሰለኝ።

ከታች

ከታች ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። የጨው መኪናው ጥጉን ይዞ፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ቦታ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ከሩሲያ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ዕብራይስጡ ከእኔም ይብሳል፤ በራሱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎ በእጁ ብቻ አስረዳን። ሞተሩ ይነሣና ወዲያው ይጠፋል። ሳሶን እንዳዩት «አየር ይዟል» አሉ። ከናፍጣ ታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ከሥር ተሰንጥቆ፣ ሞተሩ በናፍጣ ፈንታ አየር እየሳበ ነው። ቱቦው የሚገኘው ደግሞ ከነጭነቱ ከቆመው መኪና ሆድ ሥር ነው።

ታኮዎቹን አወረድሁ፤ ከጎማዎቹ ሥር አስገብቼ በመዶሻ መታሁ። «ገብቷል?» አሉኝ ሳሶን።

«ኬን።»

ተኝተው ገቡ። እሳቸው ከሥር ሲሠሩ ዓይኔን ከታኮው ላይ አላነሣሁም፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረግሁትም። አዲስ ቱቦ አቀበልሁ፣ መፍቻ አቀበልሁ። ወጥተው የፊልትሮውን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ማለት ነው፣ ብሎን አላልተው ፓምፑን በእጄ እንድገፋ አዘዙኝ። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ መጣ። ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሣ። ሩሲያዊው ሁለታችንንም አቅፎ ሳመን። ያን ድምፅ ስሰማ ፍርሃቴን ሁሉ ረሳሁ፤ ሆዴ እልል አለ። ይህንን ሥራ ነው እኮ የሚነጥቁኝ!

ሽቅብ

ስንመለስ ያንኑ መንገድ እያቃሰትን ወጣን። ጠዋት የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ሳሶን ድንገት በሣቅ ፈነዱ። ሆዳቸው መሪው ላይ ይዘላል፤ እንባቸው ወረደ። አበዱ ብዬ ተጠጋሁ።

«ያ ጎማ ምንም አልሆነም ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ቀዘቀዘ?»

«አንተ የራዲያተሩን ውሃ ስታይ፣ እኔ እሱ ላይ ሸንቼ ነበር!»

ወይ ጉድ! መዳፌን አየሁት። በዚህ እጄ እኮ ነው ሁለት ጊዜ የነካሁት! በረሃው ወዲያው አድርቆት ኖሯል፤ ቅዝቃዜው ብቻ ቀርቷል። እኔም ሣቅሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀው ሁሉ በሣቅ ወጣ። ሣቄ ግን አልቆየም። በከንቱ ያስቆምኸኝ እንደሆነ ብለውኝ አልነበር? ይኸው በከንቱ ነው ያስቆምኋቸው። ከዚያ እስከ አሽቀሎን ድረስ መንገዱን አላየሁትም። ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ወደ ባሕሩ ስትወርድ እኔ ለአባቴ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ግቫት ጺዮን

ቤታችን በር ላይ አቆሙ። ሞተሩን ሲያጠፉ፣ አሁን ነው ጉዱ አልሁ።

«ነገ አልመጣም ማለት ነው?» አልኋቸው።

«ለምን?»

«በከንቱ ነዋ ያስቆምሁዎ።» አታ ነው ያልኋቸው፤ በሆዴ ግን አንቱ ነው።

ሲጋራ አወጡ፤ አላቀጣጠሉትም። «ባዬ፣ ከሥር ከመግባቴ በፊት ኬን ትለኛለህ። ከዚያ እኔ ውሃ ጠጥተህ ና ብዬ እልክሃለሁ። ሁልጊዜ፣ አይደለም?»

«ኬን።» እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ይልኩኛል። ስለሚያዝኑልኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለእናቴም ደግ ሰው ናቸው ብዬ ነግሬያታለሁ።

«አንተ ስትሄድ ታኮውን ራሴ አይ ነበር። ኬን ስትለኝ እፈራ ነበር። ባይገባም ገብቷል ትለኛለህ ብዬ እፈራ ነበር። ልጆች አሉኝ እኮ።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ዛሬ እዚያ ታች ግን ሳላይ ገባሁ። ጠዋት እየተንቀጠቀጥህ ሎ ብለኸኝ የለ? ለኩርሱ ሰዎች ይቆይ እላቸዋለሁ። ነገ አውቶቡስ ይገባልናል። ከሥር የምገባው እኔ ነኝ፤ ታኮው ያንተ ነው። ውሃ ጠጥተህ ና ብዬ አልልክህም።»

መኪናዋ ስትሄድ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጉዞው ያስተማረኝን እውነቱን ልጻፍ። ጠዋት ስነሣ የምፈራው ሥራው እንዳይቀርብኝ ነበር፤ እሱ ፍርሃት ለቀቀኝ። በምትኩ የመጣው ግን ከቁልቁለቱም ይብሳል። እስከ ዛሬ ኬን ስል ቃሌ ባዶ ነበር፤ ብሳሳትም ከኋላዬ የሚያይ ሰው ነበረ። ከነገ ጀምሮ ግን ኬን ካልሁ የልጆች አባት በዚያች ቃል ተማምኖ ብረት ሥር ይተኛል።

ደረጃውን የወጣሁት ግድግዳውን ይዤ ነው። አባቴ ኮቴዬን ሰምተው በሩን ከፈቱልኝ። «እህሳ፣ ሰውዬው ምን አሉህ?» አሉኝ።

«አመኑኝ፣ አባባ።»

«እሰይ ልጄ!» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»