ኦቦ ደገፋ ያሉት ሁሉ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ አንዴም ሰክሬ ወንድሜን መምታቴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን እየዘለልኳት ነው የኖርኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ፈጀውም። አሁን ደክሞኛል፤ እናንተ የምታነቡ፣ እስክጨርስ ታገሡኝ።

በጃንሆይ ዘመን ሱሉልታ ላይ የአንድ ባለርስት የከብት እርባታ ኃላፊ ነበርኩ። ጌታው የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመጣሉ። እኔ እርሻ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ተቀምጬ፣ ካኪ ሱሪ ለብሼ ስወጣ፣ ከእኔ በላይ ሣር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። የፈረንጅ ላሞች ሲገዙ "የሜዳው ሣር አይበቃቸውም፣ ግጦሽ እንዝራ" ያልኩት እኔ ነኝ። መሬቱን ሦስት ጊዜ አሳርሼ፣ ጓሉን አስከስክሼ፣ የሣሩንና የማገጡን ዘር ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ በእጄ በተንኩት። ማገጥ ያው ታውቁታላችሁ፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ ነው፤ በዚያ አገር ኦሮምኛ ሲዲሳ ይሉታል።

ሣሩ እንዲበዛ፣ ማገጡ እንዲያንስ ተምሬ ነበር። ግን ማገጥ ቶሎ ያምራል፤ እኔም ቶሎ እንዲያምርልኝ ፈለግሁና አበዛሁት። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ማገጥ ብቻ ሆነ፤ ሣሩ ከሥር ታፍኖ ቀረ። ያየው ሁሉ "አቤት ልምላሜ!" ሲል እኔ ደረቴን እነፋ ነበር።

ኦቦ ደገፋ ከግጦሹ አጥር ወዲያ የሚያርሱ የጌታው ጭሰኛ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ያረሱት እዚያችው መሬት ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጌታው እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ ተላከብኝ። እኔም እንግዶቹ ላሞቹን አረንጓዴው መሀል ቆመው እንዲያዩልኝ ብዬ በማለዳ አስወጣኋቸው። የግጦሹን በር ልከፍት ስል ኦቦ ደገፋ አጥሩ ጋ መጡ። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ልጄ" አሉኝ። ቀጥለውም "ጤዛው ሳይደርቅ፣ ጭድ ሳይቀምሱ ሲዲሳ ላይ ከለቀቅሃቸው ሆዳቸው ይነፋል" አሉ።

ሳቅሁባቸው። "ኦቦ፣ ይኼ የፈረንጅ ነው፤ የእርስዎ ሲዲሳ አይደለም" ብዬ በሩን ከፈትኩት። ጥዬአቸው ስሄድ ከኋላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይሞታሉ! ነገርኩህ፣ ይሞታሉ!" አሉ። ከወዲያ የነበሩት አላቢዎች የሰሙት ይህችን ብቻ ነው።

ብዙም አልቆየም። የአምስት ላሞች ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጠረ። እኔ ምን ላድርግ? ካኪ ሱሪዬን ለብሼ ቆሜ አየሁ። ኦቦ ደገፋ እየሮጡ መጥተው እንጨት ላሞቹ አፍ ላይ እያገደሙ፣ የኑግ ዘይት እየጋቱ፣ ዳገቱን እየነዱ ሁለቱን አተረፉ። ሦስቱ ሞቱ። እነሱ እንደተጋደሙ የጌታው መኪና ደረሰ።

"ማነው ከብቶቼን የፈጀው?" አሉ ጌታው። አንዷ አላቢ "ኦቦ ደገፋ 'ይሞታሉ' ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለች። ሌላው ደግሞ "መድኃኒቱን ያወቀ መርዙንም ያውቃል" አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ያለውም የሌለውም አንዳንድ ነገር ጨመረ። ጌታው ወደ እኔ ዞረው "ብሏል ወይስ አላለም?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ኦቦ ደገፋ ግን አልደነገጡም። እኔን ተማምነው ነው መሰለኝ። "ልጄ፣ ያልኩህን ሁሉ ንገራቸው" አሉ።

ሁሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። "ጤዛው ሳይደርቅ" ብዬ ብጀምር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን በሩን ማን ከፈተ? ማገጡን ማን አበዛ? ሊባል ነዋ! እኔ፣ እኔው፣ "አዎ ጌታዬ፣ ይሞታሉ ብለዋል" አልኩ።

ዋሸሁ እንዴ? አልዋሸሁም። ከራሴ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። የሰውየውን ቃል ከፊቱ ቆረጥኩትና የቀረውን ሰጠሁ። ውሸት ቢሆን ውሸቱ የራሴ ይሆን ነበር፤ እኔ ግን በገዛ ቃላቸው አስፈረድኩባቸው። ደግሞ "ብለዋል" አልኩ እኮ! አንቱታዬን ሳላጓድል አጠፋኋቸው። አይ ጨዋነት! እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ኦቦ ደገፋ አዩኝ። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ "በል ነገ ጠዋት መጀመሪያ ጭድ ስጣቸው፤ የቀሩት እንዳይሞቱብህ" አሉኝ።

በሳምንቱ ጌታው ከመሬቱ አስለቀቋቸው፤ ጎጇቸው ፈረሰ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገፈርሳ ሄዱ። በስተርጅና የሰው ባሕር ዛፍ እየቆረጡ እንደሚያድሩ ሰማሁ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ መሞታቸውን ሰማሁ። እኔ መሬታቸውን አሳርሼ ግጦሽ ዘራሁበት። አሁን ሣሩን አብዝቼ፣ ማገጡን ቀንሼ! በየማለዳውም ላሞቹን ጭድ አስቀምሼ፣ ጤዛው እስኪደርቅ በረት አቆያቸው ጀመር። ያን ከጌታው ፊት የዋጥኩትን ቃል ሥራ ላይ አዋልኩት። ከዚያ ወዲያ አንዲት ላም አልተነፋችም። ጌታው ለእንግዶቻቸው "ዘዴው የእሱ ነው፣ የተማረ ሰው መቼም!" እያሉ ያሳዩኝ ነበር። እኔም እጅ እየነሳሁ "እግዜር ይስጥልኝ" እል ነበር።

ልጅ ነበርኩ ልበላችሁ? እንጀራዬን ፈርቼ ነው ልበላችሁ? ፈርቻለሁ። ታዲያ እሳቸውስ እንጀራ አልነበራቸውም? ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከሱሉልታ ገፈርሳ ስንት ነው? በእግር እንኳ ቢኬድ የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም። እሳቸው እዚያ በሕይወት ስንት ክረምት ቆዩ፤ እኔ አንድ ቀን አልሄድኩም።