ግልባጭ ለመዝገብ ቤት

«መስከረም አሥራ ሰባት ነበር» ትላለች እናኑ፤ ወዲያው ራሷን ታርማለች። «ኧረ አይደለም፤ በመስቀልማ ቢሮ ዝግ ነው። አሥራ ዘጠኝ ይሆናል፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት። እንጃ ብቻ!»

ስመኘው ፍኖተ ሰላም ወዳለው የገበሬዎች ዩኒየን በኮምፒውተር ባለሙያነት የመጣበትን ቀን ነው የምትቆጥረው። እሷ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ መዝግባለች።

ስመኘው የቡሬ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ። ዩኒየኑ የራሱ ኢሜይል እንዲኖረው ሰርቨር አቁም ተባለ። በነፃ ከሚገኙት ሶፍትዌሮች አንዱን ጭኖ ሦስት ሳምንት ታገለ፤ ደብዳቤ ይቀበላል እንጂ አይልክም። አፈረሰው። ሁለተኛው ይልካል፤ የላከው ሁሉ ግን ባሕር ዳር ሲደርስ ከአጭበርባሪ መልእክት ጋር ተጥሎ ይገኛል። መመሪያው ደግሞ በአንዱ ገጽ ያዘዘውን በሌላው ይከለክላል። ሥራ አስኪያጁ አቶ አድማሴ በበሩ ባለፉ ቁጥር በነገር ይወጉታል።

«ስሜ፣ ደብዳቤያችን ዛሬስ እዚሁ ደጃችን ያለውን ላህ ወንዝን ተሻገረ?»

«ትንሽ ቀርቶታል፣ ጌታዬ።»

«ማነው ግን ይህን በነፃ የሚያድል? በነፃ የሚሰጥ ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አያጣም!»

ሦስተኛውን ከመጫኑ በፊት ስመኘው መዝገብ ቤት ገባ።

«እትዬ እናኑ፣ የደብዳቤ አወጣጡ ሥርዓት እንዴት ነው?»

«ሥርዓቱማ አንድ ነው። ግልባጩ እኔ ዘንድ ሳይቀር ከዚህ ግቢ ደብዳቤ አይወጣም። የሥራ አስኪያጁም ቢሆን!»

በማስታወሻው ጻፈ።

ሦስተኛው ሠራ። በሳምንቱ ለመዝገብ ቤቱ የተከፈተውን የኢሜይል ሣጥን እናኑ ብትከፍተው የግቢው ሰው የጻፈው ሁሉ ተከምሯል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ሌላ መሥሪያ ቤት ያስገባችው የሥራ ማመልከቻ፣ አቶ አድማሴ ለአማቻቸው የጻፉት ሳይቀር። ደነገጠች። ይህ ልጅ እየሰለለን ነው ብላ ሮጣ ለአቶ አድማሴ አሳየች። እስከ ምሳ ወሬው ግቢውን አዳረሰው፤ ስመኘው ሲመጣ ሰው ስልኩን ኪሱ ይከት ጀመር።

«ማነው የላከህ?» አሉት አቶ አድማሴ በሰው ፊት።

ስመኘው እናኑን አንዴ አያት። «ሥርዓቱን ነው የተከተልሁት» አለ።

«የማንን ሥርዓት?»

ስመኘው ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን አስረክብና ሂድ ተባለ።

ያን ጊዜ ነው ግልባጩ ሳይቀር ደብዳቤ አይወጣም ያለችው ራሷ መሆኗ ትዝ ያላት። ግን ደግሞ ጠረጠረች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የነገረችውን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው አይታ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ የዋህ አለ? ወይስ ቃሏን ሽፋን አድርጎ የሰውን ምሥጢር ሲያነብ ከርሟል? በእሷ ቃል ብቻ ከሆነ አቶ አድማሴ ፊት ቆማ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት አለባት። ሲሰልል ከነበረ ግን ስለ እሱ ብትቆም አብራው ልትባረር ነው። አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀው ይበቃት ነበር፤ ዓይኑን እያየች።

ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወጣች። ስመኘው ከአስፋልቱ ማዶ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

«ስመኘው! አንዴ ቆይ እስቲ!»

ረዳቱ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋና ጣራውን መታ፤ መኪናው ሄደ።