በግራ ጎኗ የተኛች ዕለት

የተያዝኩት ዓረብ አገር፣ ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታችን፣ አገር ቤት ለተገደሉት ሻማ አብርተን ሳለ ነው። ሰው የጠራሁት እኔ ስለነበርኩ ጉዳዬ ፖለቲካ ተባለ። የታሰርኩበት ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል፤ የኤሲው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ሙያዬ ልብን በአልትራሳውንድ መመርመር ነው፤ እዚያ ግን ማን ሙያ ይጠይቃል?

አጠገቤ የምትተኛው የጎጃም ልጅ ከማዳም ቤት ጠፍታ የተያዘች ናት። ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጭምቅ ያደርጋታል፤ አንዳንዴም ራሷን ስታ ትወድቃለች።

“ኸላስ፣ በቃ፣ ጨጓራዬ ነው፤ ጾሙም አለ” ትለኛለች።

እኛ ሐበሾች ከአንገት በታች ያለውን ሕመም ሁሉ ለጨጓራ እንሰጣለን። ጆሮዬን ደረቷ ላይ ስለጥፍ ግን ደም በጠባብ በር ሲጋፋ የሚያሰማውን ሻካራ ድምፅ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት ወደ አገር ሊልኳት ነበር። ሳትታከም ብትሄድ አንዱ ደረጃ ላይ ወድቃ ልትቀር ትችላለች። ፈራሁ። ሐኪም እንዲያያት የክፍላችንን ጠባቂ እስክትሰለቸኝ ድረስ ለመንኳት።

ክሊኒክ ሲወስዷት እኔንም እንዳስተረጉም በካቴና ወሰዱኝ። ጠባቂዋ ማተቧን እንድታወልቅ አዘዘቻት። ልጅቷ አንገቷን ይዛ፣ “ከክርስትናዬ ጀምሮ ወልቆ አያውቅም። ልቤን ይዩ፣ እሱን አይንኩ” አለች። ተረጎምኩላት። መሣሪያውን የያዘው ሕንዳዊ ባለሙያ ወደ ጀርባ ማዞር ይበቃል አለ። ራሷ አዞረችውና በግራ ጎኗ ተኛች።

ካቴናዬን ረስቼ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር ወፍሮ፣ ጭላንጭል ብቻ ቀርቶታል። ባለሙያው የደሙን ፍጥነት ከጡቷ ሥር ለካ። ትክክለኛው ፍጥነት አንዳንዴ የሚገኘው ከደረት ቀኝ ነውና፣ በዚያም በኩል ቢለካ እያልኩ ስቁነጠነጥ፣ ሳልነግረው መሣሪያውን ወደ ቀኝ ወሰደው። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ በሩ መጀመሪያ ከታየው በላይ ጠብቧል ማለት ነው። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ የሙያ ነገር።

“ምን አየሽ፣ እህቴ?”

ጨጓራ እንዳልሆነ፣ የልቧ በር መጥበቡን፣ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ነገርኳት። እሷም እንድታየው ባለሙያው ስክሪኑን እንዲያዞርላት ጠየቀች። አዞረላት። ትክ ብላ አየችው።

“ማዳም ቤት ያን ሁሉ ፎቅ ሲያወጣኝ የኖረው ይሄ ነው?”

“እሱ ነው።”

“ጎበዝ ነው” አለች። ሻርፗን ደረቷ ላይ አስተካክላ፣ ጠባቂዋ የዘረጋችላትን እጅ ሳትይዝ ራሷ ተነሣች።

የክሊኒኩ ሐኪም ውጤቱን አይቶ ሳትታከም እንዳትሳፈር አዘዘ፤ እሷ ሆስፒታል ቀረች፣ እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ኋላም ወደ አገሬ ላኩኝ። ቀዶ ጥገናው ይሠራላት አይሠራላት የሚነግረኝ አላገኘሁም። አሁን አዲስ አበባ ያንኑ ሥራዬን እሠራለሁ። ደረቷ መሐል የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያላት ሴት አልጋዬ ላይ በተኛች ቁጥር፣ ከልቧ በፊት ፊቷን አያለሁ።