«ምርጥ ምርጡን» የማይሸጡት ጋሽ ሰይድ

የአዳማው የካሴት ነጋዴ ጋሽ ሰይድ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ዜናው እንደደረሳችሁ አውቃለሁ፤ በየስልካችሁ የለጠፋችሁትን የሚያለቅስ ፊት አይቻለሁና። አብዛኞቻችሁ ግን ሱቃቸው የት እንደነበረ እንኳ አታውቁም።

ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። አዲስ አስተማሪ ሳለሁ ገብቼ፣ «ከየአልበሙ ምርጥ ምርጡን ይቅዱልኝ» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«መምህርት አይደለሽ? ከመጽሐፍ ምርጥ ምርጡን ገጽ ቀድጄ ብሰጥሽ ትወስጃለሽ?»

አንድ የቆየ የትዝታ አልበም አቀበሉኝ። «ካልወደድሽው መልሺው። ሳትጨርሺው ግን እንዳትመልሺው።»

ትዝታ ሊገዛ የገባ ሬጌ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ሬጌ ፈላጊው ደግሞ መንዙማ። በየሚኒባሱ የሚያንባርቀውን ሁሉ «የሰሞኑ ጩኸት» ብለው ይንቁት ነበር። ሰውን ግን አይንቁም ነበር። ልጇን የቀበረች ጎረቤታቸው ዘፈን መስማት ነውር ሆኖባት ቤቷ ጭር ባለ ጊዜ፣ ማሲንቆ ብቻ ያለበት አልበም ይዘውላት ሄዱ። «ይሄ ዘፈን አይደለም፤ አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው ነው» አሏት። አብረዋት ተቀምጠው እስኪያልቅ አዳመጡት።

ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ አንድ የሆቴል ባለቤት መጣ። እኔም ነበርኩ። ስለ ሕመማቸው በቅጡ ሳይጠይቅ፣ «ካሴቶቹን ለአዲሱ ላውንጅ ፈልጌ ነበር» አለ።

«ማጫወቻ አለህ?»

«ኧረ ጋሽዬ፣ ግድግዳ ላይ ልንለጥፋቸው ነው። ድባብ ይሰጣሉ።»

«እንግዲያው ባዶ ሣጥኖቹን ለጥፍ» አሉት። «ላንተ እንግዶች ልዩነት የለውም።»

እሱ ሲወጣ ወዳጆቻቸውን በየተራ አስጠሩና ለእያንዳንዱ አልበሙን መርጠው አደሉ። ለልብስ ሰፊው ኦቦ ቶሎሳ፣ ከኦሮምኛ ዘፈን በቀር ለማይሰሙት፣ የጃዝ አልበም ደረሳቸው።

«ሰይድ፣ ይሄ እኮ ቃል የለውም» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«የስፌት መኪናህስ ቃል አላት? ስትታመም ግን በድምጿ ታውቃታለህ።»

ኦቦ ቶሎሳ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

በለቅሶው ድንኳን ያው የሆቴል ባለቤት ጥቁር መነጽር አድርጎ ተነሣና፣ «ጆሮዬን የከፈቱልኝ አባቴ ናቸው፤ ያላስደመጡኝ አልበም የለም» ሲል ተናገረ። አጨብጫቢ አላጣም። ኦቦ ቶሎሳ ከተቀመጡበት፣ «የቱን ወደድከው፣ ልጄ?» አሉት በትሕትና።

ሰውዬው «ሁሉንም» አለ።

ለቀስተኛው አቀረቀረ፤ ለእሱ አፍሮ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ጥያቄው ወደ እሱ እንዳይዞር ፈርቶ ነው። ሙታንን ማወደስ የሚወድ፣ ሕያዋንን ለመስማት ግን ጊዜ የሌለው ከተማ!

ጋሽ ሰይድ፣ አልጋ ላይ ሳሉ ለእኔ የመረጡልኝን የሱዳን አልበም ትናንት ጨረስኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ አልወደድኩትም። ልመልሰው ብል ሱቅዎ ተዘግቷል፤ ምናለ ተከራክረውኝ ቢሆን? እስኪገባኝ ድረስ ከእኔ ጋር ይቆያል። አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ፤ ደህና ይሁኑ።