የእትዬ ዘሀራ ሻሽ

ትንሹ ልጄ ዘንድሮ ክረምቱን ከጓደኞቹ ጋር ማሻ በኩል ችግኝ ሊተክል ሄዷል። ትናንት ሲደውል፣ በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ ሳልል፣ «አጠገብህ የሚሰራው ትልቅ ሰው ማነው?» አልኩት። «እማ ደግሞ! ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈርድበትም፤ ነግሬው አላውቅማ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ አራተኛ ክፍልን አቋርጬ ቤት የዋልኩበት ዓመት። ከመካነ ሰላም ወዲያ ካለው ተራራ ላይ እርከን ልንሰራ ወጣን፤ ትልቁም ትንሹም እዚያው ዳስ ውስጥ ከረመ። ጉሙ እስከ ረፋድ አይገለጥም። የስንዴ ንፍሯችን እንኳ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ይቆፍራል፣ አንድ ልጅ ድንጋይ ያቀብለዋል፤ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ወላጅ ግን ከገዛ ልጁ ጋር አይጣመርም፤ ያዝንለታል፣ ስራው ይበደላል ተባለ። ስለዚህ ወንድሜ ታደሰ ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሀራ፣ የእሷ ልጅ ሰይድ ደግሞ ለአባቴ ደረሰ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጠጠር እለቅም ነበር።

«አንተ ታደሰ! ድንጋዩን እሹሩሩ ልትለው ነው የታቀፍከው? አምጣው እንጂ!» ትለዋለች እትዬ ዘሀራ። ከሳህኑ ግን ደህና ደህናውን ወደ እሱ ትገፋለች።

አንድ ቀን ጉሙ ሲገለጥ፣ ለጦርነቱ ልጅ የሚያፍሱ ታጣቂዎች ከታች ሲመጡ አየን። እትዬ ዘሀራ ሻሿን ፈትታ ታደሰ ራስ ላይ አሰረች፤ ጋቢዋን አከናንባ እኔ ጎን አስቀመጠችው። «አብሽር፣ ቀና እንዳትል» አለችው። ሰይድ ከላይኛው እርከን ነበር። ዞራ ዞራ ታያለች፤ ታደሰን ግን ለቃ አልሄደችም። አባቴ አጠገቡ አለ ብላ ይሆናል።

አባቴ ግን ዶማውን ጥሎ ታደሰን ፍለጋ ቁልቁል ሮጠ። ሰይድን ድንጋይ እንደታቀፈ ያዙት።

ሰዎቹ ሲሄዱ እትዬ ዘሀራ ታደሰን በእጁ ይዛ መጣች።

«እንካ ልጅህን፣ አያ ካሳ። የኔሳ?»



ሰይድ አልተመለሰም። አባቴ እስኪሞት ድረስ የእሷን ማሳ ሳያርስ የራሱን ጀምሮ አያውቅም። እሷም ክፉ ተናግራው አታውቅም።

አሁን እናት ሆኜ ሳስበው፣ እኔም የምሮጠው ወደ ልጄ ይመስለኛል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ዘንድሮ ከአቀስታ የመጡ ልጆች እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት እያደሩ ይተክላሉ። ዛሬ ንፍሮ ቀቅዬ ሄድኩና ከአንዱ ልጅ ጎን ቁጭ አልኩ። ስሙን ነገረኝ። የእናቱንም ስም ጠየቅኩት።